ታካሚው አሠልጣኝ

ጡረታ የወጣው የስፖርት መምህር ወደ ጤና ጣቢያው የሚገባው በኋላ በር ነው። የፊት በሩ አምስት ደረጃ አለው፤ የኋላው የመኪና መግቢያ ስለሆነ ደረጃ የለውም። ለጥበቃው «በዚህ በኩል ይቀርበኛል» ብሎታል። ጥበቃው የሰውየው ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቢሆንም አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የኖረ ሰው ነው። የከተማው ግማሽ ሕዝብ በእሱ ፊሽካ ሮጧል፣ ዘሏል፣ ተንበርክኳል። ተማሪዎቹ ከኋላው «ፊሽካው» ይሉት ነበር፤ ያውቅ ነበር፣ ስሙንም ይወደው ነበር። ሜዳ ላይ «አሞኛል» የሚል ልጅ ሲመጣበት መልሱ አንድ ነው፦ «አሞኛል የሚባል በሽታ የለም፤ ሰንፌአለሁ በል።» ልጁም እያነከሰ ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ አሞት ስለማያውቅ ህመም የሰው ፈጠራ ይመስለው ነበር እንጂ።

በኋላ ግን ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ የቀኙ፣ ቀጥሎ የግራው፣ ዓመት ቆይቶ ደግሞ የእጆቹ ጣቶች። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋ ነው የሚዘረጋው። ዶክተሩ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ «አርትራይተስ ነው፤ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ልስልስ ነገር ሳስቷል» አለው። «አይገድልም። ግን አርፌ ልተኛለት ካሉ ይብስብዎታል። መንቀሳቀስ አለብዎት፤ በልክና በዘዴ።» ከዚያም ማክሰኞና ሐሙስ በጤና ጣቢያው አዳራሽ የመገጣጠሚያ ህመምተኞች እንቅስቃሴ የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ መዘገበው። ለስፖርት መምህር ስፖርት ታዘዘለት! ያውም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ።

ይህን ለሴት ልጁ መንገር ሞቱ ሆነበት። ልጁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አብራው ትኖራለች። «አባዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የት ነው የምትጠፋው?» ስትለው ምላሱ ከጭንቅላቱ ቀደመ። «ጤና ጣቢያው ለአረጋውያን አሠልጣኝ አጥቶ ለመነኝ፤ እምቢ ማለት ከበደኝ።» ልጅቷ ደስ ብሏት ቱታውን አጥባ ተኮሰችለት፤ መሥሪያ ቤቷ ሄዳም ላገኘችው ሰው ሁሉ አወራች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደ፤ ሰዉ መንገድ ላይ እያስቆመ «አይ መምህር፣ አሁንም ሰው እየጠቀሙ!» ይለው ጀመር።

ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ታካሚዎች አሉ። የምታሠራቸው ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ እነሱ ግን በደፈናው «ሐኪሟ» ይሏታል። ከአፏ «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል አይጠፋም። ጡረተኛው ሾፌር፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተናል፤ እስቲ የእኛን ደግሞ እናያለን» ብሎ አስቋቸዋል።

ሕጓ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሰውነት ይሟሟቃል። ጉልበት በቀስታ ይዘረጋል፣ በቀስታ ይታጠፋል። የሚነሳ ሰው የወንበሩን መደገፊያ ይይዛል። «ትንሽ መሳሳብ፣ ትንሽ ድካም ያለ ነው» ትላለች። «የሚወጋ ህመም ከመጣ ግን ወዲያው አቁሙ። ቤታችሁ ገብታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶም ከበፊቱ የባሰ ካመማችሁ፣ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው እንቀንሳለን። መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ ደግሞ ያን ቀን አታስጨንቁት። ከህመም ጋር እልህ መጋባት የለም።» መምህሩ ይህን ሲሰማ በሆዱ «ይሄ ስፖርት ነው ወይስ እሹሩሩ?» ይል ነበር።

ለክፍሉ ሰዎችም እኩያቸው እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። «እኔ እንኳ ለመከላከል ያህል ነው የምመጣው» ብሏል በመጀመሪያው ቀን። ጉልበቱ ሲወጋው ፈገግ ይላል። ፈገግታውን መስታወት ፊት ቆሞ ተለማምዶታል።

በግራው የምትቀመጠው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የመጣችው ከእሱ አንድ ወር ዘግይታ ነው። አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። የስፌት መኪናዋን በእግሯ ስትረግጥ ኖራ ጉልበቷም አውራ ጣቷም አለቀ። ሌላው ሰው «ትንሽ ቀለል ቢለኝ» ሲል እሷ «መኪናዬን መርገጥ እፈልጋለሁ» ትላለች፤ የምትፈልገውን ታውቃለች። አንድ ቀን «ትናንት የጎረቤቴን መጋረጃ ዘመዘምኩላት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ረገጥኩ» ስትል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሐኪሟ እንባዋ መጣና መስኮት ልትከፍት ዞረች።

ጥፋቱ የተሠራው አንድ ማክሰኞ ነው። አሟሙቀው እንደተቀመጡ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ሐኪሟን ጠራቻት፤ ኮሪደሩ ላይ ታካሚ ወድቋል። «አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም» አለች ሐኪሟ እየሮጠች። «ቁርጭምጭሚታችሁን ብቻ አዟዙሩ። ሌላ ምንም እንዳትሠሩ።»

ሰዉ ቁርጭምጭሚቱን ያዟዙር ጀመር። መምህሩ ዞር ዞር ብሎ አያቸው። አዛዥ የሌለው ክፍል አይቶ ማለፍ በሕይወቱ ችሎ አያውቅም። ተነሳ። «እንግዲህ» አለ፣ ድምፁ ሃያ ዓመት ቀንሶ፣ «እያባበልነው አይድንም። ደም መዘዋወር አለበት። ቁጭ ብድግ! አሥር ጊዜ ብቻ።»

«እኔ ቁጭ ካልኩ ብድግ የምለው በክሬን ነው» አለ ሾፌሩ። ሰዉ ሳቀ። ሁለት ሦስቱ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ሌሎቹ ግማሽ ድረስ ዝቅ ብለው ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ይዛ ቆማ ታየው ነበር።

«መምህር፣ ጉልበቴ ዛሬ ጋል ብሏል። ቢቀርብኝስ?»

«እትዬ፣ አሞኛል የሚባል በሽታ የለም» አላት። ከዚያም ራሱ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እስከ ታች ወረደ። ሁለቱም ጉልበቶቹ ውስጥ ቢላ የገባ መሰለው። ፈገግ አለ። ተነሳ፤ እንደገና ወረደ። «አያችሁ? እንደ ልጅነት!»

እሷም ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ «እህ» አለችና ወንበሯ ላይ ወደቀች። ፊቷ አመድ መሰለ። ሐኪሟ ስትመለስ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን ያዟዙር ነበር፤ ከሁሉም አስበልጦ መምህሩ። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቱ ሲያልቅ ቦርሳዋን አንግታ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ ወንበሯ ባዶ ነበር። ሐኪሟ ሥራ ከመጀመሯ በፊት መሃል ላይ ቆመች። «እትዬ ጉልበታቸው አብጦ ትናንት ልጃቸው ደግፎ አምጥቷቸው ነበር» አለች። «ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው ይላሉ። ልጃቸው ግን ስፖርቱ ነው ብሎ ከሰሰ። ትቻችሁ የወጣሁት እኔ ነኝ። ኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውኛል፤ ሌላ ከተደገመ ክፍሉ ይዘጋል ብለዋል። ጥፋቱን ተቀብዬ ፈርሜአለሁ። እናንተንም ይቅርታ ልጠይቃችሁ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ! የመምህሩ ጆሮ ጋለ፤ የጫማውን ማሰሪያ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፦ «እኔ ነኝ።» ሜዳ ሙሉ ልጅ ፊት ድምፁ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ሰው ሁለት ቃል ማውጣት አቃተው። ሌሎቹ ጣራ ጣራውን አዩ፤ አንዳቸውም ስሙን አላነሱም። ለክብሩ ብለው ዝም ማለታቸው ገብቶታል። እሱም ያንን ክብር ዝም ብሎ ተቀበለ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረው ይሄ ነው።

ሲወጡ ሾፌሩ በሩ ላይ ጠበቀው። «መምህር፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለው። «ጥፋቱን የደበቀስ ምን ይገኝለት ይሆን?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ መምህሩ ቆጣ ብሎ።

«ምንም» አለና ሾፌሩ ከዘራውን እያንኳኳ ሄደ።

ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ለራሱ «የታመመ ይጠየቃል» አለ። ውሸቱን ነው። የሄደው ለልጇ ምን ምን እንደነገረችው ሊሰልል ነበር። በሩ ጋ ደርሶ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ «አደራዎን አይንገሩብኝ» የሚለውን ቃል በአፉ እያሰናዳ እንደሆነ ታወቀው። ያን ጊዜ ራሱን ጠላ። ጠላው እንጂ አልተመለሰም፤ አንኳኳ።

የከፈተለት ልጇ ነው፤ ጎልማሳ፣ ቀለም ቀቢ፣ ክንዱ ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበታል። «መምህር!» ብሎ ጎንበስ አለ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ተማሪዎ ነበርኩ እኮ፤ ሰባተኛ ክፍል።» መምህሩ አላስታወሰውም። ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ እግሯን በትራስ አስደግፋ ተቀምጣለች። የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል።

«እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለ ልጇ የመምህሩን ዓይን ተከትሎ። «ከእንግዲህ አርፋ ትቀመጥ። በዚህ ዕድሜ ስፖርት ምን ያደርግላታል? እርስዎን ለመንካት አይደለም፣ ይቅርታ። እንዲያውም እምቢ ስትል ገፋፍቼ የላክኋት እኔ ነኝ። ‹የእኛ መምህር እዚያ አሠልጣኝ ሆነዋል፤ እሳቸው ባሉበት ምንም አትሆኚም› ብዬ።»

መምህሩ ወደ ሴትየዋ አየ። ወራት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጣ የታካሚ ካርዱ ሲወጣ ያየች፣ ስሙ ከታካሚዎች ጋር ሲጠራ የሰማች ናት። ለልጇ ግን አንድም ቀን አላጋለጠችውም። አሁንም ብርቱካን ታገላብጣለች።

«አልመለስም እንግዲህ» አለች ቀና ሳትል። «ልጄ ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። ግን መንቀሳቀስ ካቆምኩ አራት ቀን ሆነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ጣቴም አልዘረጋ አለኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር።

ያሰናዳውን ቃል ተወው። ዝም ብሎ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ወለል ብሎ ታየው። ሐኪሟ ማስጠንቀቂያዋን ታቅፋ ትቀራለች። ይህች ሴት ሶፋው ላይ ትደርቃለች። እሱ ደግሞ መንገድ ለመንገድ «አሁንም ሰው እየጠቀሙ» ይባላል።

«አሠልጣኝ አይደለሁም» አለ።

ቀለም ቀቢው «እንዴት?» አለ።

«ታካሚ ነኝ። ከእናትህ ጎን የምቀመጥ ታካሚ። ደረጃም አላዳለጣት፣ ስፖርቱም አልጎዳት። ሐኪሟ ያስተማረችን እንቅስቃሴ ነው መኪናዋን ያስረገጣት። የጎዳኋት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣ ስትል፣ ጉልበቴ ግሏል እያለችኝ፣ ቁጭ ብድግ አሠራኋት።» የቱታውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበ። ጉልበቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። «የእኔም ይኸውልህ።»

ቀለም ቀቢው ጉልበቱን አየ፣ ፊቱን አየ። መምህሩ ስድብ ጠበቀ። ልጁ ግን «እኔንም እግሬ ወለም ብሎኝ አስሩጠውኛል» አለ ብቻ፤ ብሎም ወደ ጓዳ ገባ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የዚህ ሰውዬ ደግሞ የሠላሳ አራት ዓመት ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለ መምህሩ። «ማስገደድ አልነበረብኝም።»

«አስገድደውኝ መሰለዎት የወረድኩት?» አለች። «እኔ እኮ አርባ ዓመት የተማሪ እናት ስትጮህብኝ የኖርኩ ነኝ፤ ትዕዛዝ አያስደነግጠኝም። ህመምዎን አውቀዋለሁ። ከወንበር ሲነሱ ላብ ሲያጠምቅዎት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ሲወርዱ ሳቁ። ከእኔ የባሰ የታመመ ሰው እየሳቀ ከወረደ ሰነፏ እኔ ነኛ፣ አልኩ። ያመንኩት ሳቅዎን ነው።»

ጥፋቴ ትዕዛዜ ነው ብሎ ሲያፍር ሰንብቷል፤ ለካ ይበልጥ የሚያሳፍረው ገና አልተነገረውም ኖሯል። አቀርቅሮ ተቀመጠ።

«እብጠቱ ሲጎድል እመጣለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልጄን አውቀዋለሁ፤ አሁን ተቆጥቶ ነው እንጂ እሱ ራሱ ያመጣኛል። እርስዎ ግን ለዚያች ልጅ፣ ለሐኪሟ፣ ተሰጣት ሲሉ የሰማሁትን ደብዳቤ ያስነሱላት።»

እሑድ ጠዋት ለኃላፊው ሊጽፍ ተቀመጠ። ጣቶቹ እስክሪብቶውን ከሁለት መስመር በላይ አልይዝ አሉት። ሦስት ወረቀት ቀደደ። ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ለሰው ደብዳቤ የሚጽፉበት ሱቅ አለ፤ ጫማውን አድርጎ ወደዚያ ሊወጣ በሩ ድረስ ሄደ። የማያውቀው ሰው ፊት መናዘዝ ቀላል ነው። ቀላል መሆኑን ስላወቀ ተመለሰ። ልጁ ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሯን ከፍታ የመሥሪያ ቤት ሥራ ትሠራ ነበር።

«አንዲት ደብዳቤ ጻፊልኝ» አላት። «ለጤና ጣቢያው ኃላፊ።»

«ምነው፣ የምስጋና ወረቀት ሊሰጡህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። «በል፣ ንገረኝ።»

ፊቷን ላለማየት ከኋላዋ ቆመ። «እኔ» ብሎ ጀመረ፣ «በጤና ጣቢያዎ በመገጣጠሚያ ህመምተኞች ክፍል ውስጥ ታካሚ የሆንኩት…»

ቁልፎቹ ቆሙ። አንገቷን አላዞረችም። «ታካሚ?»

«ታካሚ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክፍሉን ግማሽ ዓመት። ህመሙን ሦስት ዓመት።»

«ቀጥል» አለችው። ቀጠለ። ሐኪሟ ምን ብላ እንደወጣች፣ እሱ ምን ብሎ እንደተነሳ፣ ልብስ ሰፊዋ ምን ብላ እንደለመነችው፣ ምን ብሎ እንደመለሰላት፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። የመለሰላትን ሲነግራት የልጁ ትከሻ ትንሽ ወደ ላይ ሲል አየ። «ጥፋቱ የሐኪሟ አይደለም፣ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ።

«የእኔ ብቻ ነው ልበለው?»

«በይው።»

አተመችለት። በተጣመሙ ጣቶቹ እንደ ምንም ፈረመ። ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

«አባዬ፣ አምና ለስብሰባ ክፍለ ሀገር ሄድኩ ያልኩህን ሳምንት ታስታውሳለህ?» አለች ፖስታውን እያሸገች። «ሆስፒታል ነበርኩ። ቀዶ ሕክምና አድርጌ። አልጋዬ አጠገብ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

መምህሩ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች። «ሰንፌአለሁ ልበልህ?»

የሚቀመጥበትን ፈልጎ ሌላ ወንበር ሳበ። ሲቀመጥ ጉልበቱ ወጋው፤ «እህህ» ብሎ በአፉ አቃሰተ፤ ፊቱም ተጨማደደ፤ ልጁም አየችው። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

«ምንሽን ነበር ያመመሽ?» አላት።

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ከእሱ አፍ ሰምታ ስለማታውቅ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት።